የወሩን ፊልም የመረጠው ሳህን

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ይህችን ልጅ ምን ብዬ ከቤት አስቀራታለሁ?

ጤናዬ ከዓርብ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስታገላብጥ ሰንብታ እሑድ ጠዋትም መልስ አላገኘችለትም። አሞኛል ብትል ልጅቷ ተነሺ ሐኪም ቤት ትላለች። እንግዳ ይመጣብናል ብትል ማን ሊመጣ ነው? በአሶሳ ከተማ ጤናዬ የኔ የምትለው ሰው ይህችው የልጅ ልጇ ፍሬሕይወት ብቻ ናት። ዝናብ ሊጥል ነው እንዳትል ሰማዩ ጠርቷል። ልጅቷ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ፣ ቅዳሜንም ጨምሮ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆማ ነው የምትውለው። እሑድ ከጓደኛዋ ጋር ገብቼ ትንሽ ልሳቅ ብትል፣ በነጻ የሚታይ ፊልም ምን ክፉ ነገር አለውና ነው አትሂጂ የሚባለው?

ክፉው ነገር ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ነበር።

ከገበያው ጀርባ፣ በሁለት ማንጎ ዛፎች መካከል፣ የሐመድ ፊልም ቤት አለ፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ፣ ድምፅ ማጉያው አንዱ ወደ ውስጥ አንዱ ወደ መንገድ የዞረ። ሐመድ የበርታ ተወላጅ ነው። አማርኛን የለቀመው ከገበያ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ብሎ ይገላገላል፤ ጤናዬን እንደ እናቱ እያከበራት "እማ ጤናዬ፣ አንተ ዛሬ ደከመህ ወይ?" ይላታል። እሷም ከለመደችው ቆይታለች።

ይህ ሰው አንድ ልማድ አለው። አዳዲሶቹን ፊልሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ያሳይና ወሩ ሲገባደድ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ መራጮቹን ሰብስቦ የወሩን ምርጥና የወሩን መጥፎ ያስለያል። ምርጡ እሑድ ለከተማው ሰው በነጻ ይደገማል። መጥፎው ሰው ሁሉ እያየ ከኮምፒውተሩ ይሰረዛል፤ ሐመድ ራሱ ቁልፉን ሲጫን ይጨበጨባል፣ ያ ፊልም ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት አይታይም። መራጮቹ አምስት ናቸው። አራቱ እጅ እያወጡ መጥፎውን ይለያሉ። ምርጡን የምትለየው አምስተኛዋ ጤናዬ ናት፤ እሷ ግን አትጠየቅም። የሚጠየቀው ሳህኗ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ጤናዬ ፊልም ቤቱ በር ላይ ለውዝ ትሸጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ሲያባርራት ሐመድ ከነማዳበሪያዋ ወደ ውስጥ አስገባትና ፊት አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። እሷም እጇ ሥራ መፍታት አያውቅምና ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን መጋረጃው ላይ ተክላ፣ ለውዟን ትፈለፍል ጀመር። ፊልሙ የሁለት የተጠፋፉ ወንድማማቾች ታሪክ ነበረ። መብራት ሲበራ ሐመድ አየ፤ ሳህኑ ውስጥ የወደቀው አንድ እፍኝ አይሞላም። በሳምንቱ የመጣው የመኪና ማሳደድ ነበረ፤ ያን ቀን ሳህኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ሐመድ ሳቀና ለሰው ሁሉ ነገረ፤ ፊልሙ ሲያምር የዚች ሴት እጅ ይቆማል፣ ሲሰለች ሳህኗ ይሞላል። የሰው አፍ ለወዳጁ ያዳላል፣ ያፍራል፣ ይከራከራል፤ ሳህን ምን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ፊልሙ ባለቀ ቁጥር መጥቶ ሳህኑን ያይና በር ላይ ባለው ሰሌዳ "ሩብ"፣ "ግማሽ"፣ "ሙሉ" ብሎ በጠመኔ ያስጽፋል። የምትጽፍለት ልጁ ዐርዋ ናት፤ የፍሬሕይወት ጓደኛ።

ጤናዬ ደስ ብሏት ነበር። ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ግድግዳ ከምታይ፣ ቅዳሜን ከሰው ትከሻ ጋር ተጠጋግታ ማሳለፍ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ፊልሞቹ ግን ለልጅቷም ቢሆን ብዙ አታወራም፤ ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረች፣ መጽሐፍም የምታነብ ሴት ብትሆንም፣ ማታ ማታ በጭንቅላቷ የሚመላለሰው ሌላ ነው። ልጅቷ በላች? በየት በኩል መጣች? ባጃጁን የነዳው ማን ነበር? ስልኳ ለምን ተዘጋ?

እንዲህ የምትሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው አሶሳ አጠገብ አምባ ዐሥራ አራት የሚባል መንደር ሲሰፍሩ ጤናዬ ሃያ ዓመቷ ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያደገላት፤ አንለይ። አንለይ አግብቶ ፍሬሕይወትን ወለደ፤ ሚስቱ ሕፃኗን ጥላ በወባ ሞተችበት። እሱም ልጅቷን ለእናቱ ትቶ ጉባ ሄዶ ግድቡ ላይ ብረት ሲያስር ኖረ። በየሦስት ወሩ እየመጣ ለልጁ ጫማ ያመጣላት ነበር፤ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ያንስ ነበር፣ ቶሎ ስለምታድግ። ልጅቷ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አለ ብሎ ሄደ። ሁለት ዓመት ደወለ። ከዚያ ስልኩ አልሠራ አለ።

ፍሬሕይወት ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ መቀመጥ ጀመረች። አውቶብሱ ገብቶ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ትጠብቅና ትመለሳለች። እየበሰለች ስትሄድ ይተዋታል ብላ ጤናዬ ታገሠች። አልተዋትም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት አንድ ጠዋት አልጋዋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አባቴን ልፈልግ ብላ አይሱዙ ላይ ተሳፍራ ነበር። ዝናብ መንገዱን ቆርጦት መኪናው ባምባሲ ባያድር ኖሮ የት ትገኝ እንደነበረ እግዜር ይወቀው። ጤናዬ በሁለተኛው ቀን ከአንዲት ሻይ ቤት ጥግ ስታገኛት ልጅቷ በእርጥብ ልብሷ እየተንቀጠቀጠች ነበር። ያን ቀን ጤናዬ ለራሷ አንድ ነገር ተናገረች፤ መንገድ ልጄን ወሰደብኝ፣ ይህችን ግን አልሰጠውም።

በዓመቱ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ፣ በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል ሰው ይጎርፍ ጀመር፣ የሟች ወሬ በየቤቱ ገባ። ጤናዬም አንድ ማታ ልጅቷን አስቀምጣ፣ ከሆሞሻ የመጣ ነጋዴ ነገረኝ፣ አባትሽ ካርቱም ተሻግሮ ነበር፣ እዚያው ቀርቷል አለቻት። ነጋዴ አልነበረም። ካርቱምም የሷው ፈጠራ ነው። ምናልባት እኮ እውነት ይሆናል፣ ሰው በሕይወት እያለ እናቱን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይደውል ይተዋል? እያለች ራሷን ታባብል ነበር። ድንኳን ተተከለ፤ ሐመድ የፊልም ቤቱን አግዳሚዎች አምጥቶ ደረደረ፤ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። የአንለይ ፎቶ በጥቁር ጨርቅ ተከቦ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ፍሬሕይወት ከዚያ በኋላ መናኸሪያ ሄዳ አታውቅም።

ይኸው ሁለት ዓመት በሰላም አለፈ፤ እስከዚህ ግንቦት ሁለተኛ ቅዳሜ ድረስ።

የዚያ ቅዳሜ ፊልም የሠርግ ታሪክ ነበር፣ እዚሁ አገር የተሠራ፣ ገና ከመጀመሪያው የተበላሸ። ሙሽራዋ በአንዱ በር ቀይ ጫማ አድርጋ ትገባና በሌላው ነጭ ተጫምታ ትወጣለች። ሰዎቹ ሲናገሩ አፋቸው ከቃላቸው ይቀድማል። ከጤናዬ ጎን የተቀመጠው፣ ከመራጮቹ አንዱ የሆነው ባለ ባጃጁ ገቢሳ፣ ይህን ፊልም የሠራው ሰው ሠርግ ተጠርቶ አያውቅም መሰለኝ እያለ ያስቃል። ጤናዬም ሳህኗን ወደ ግማሽ አድርሳዋለች።

ሙሽራው ከአማቱ ጋር ሆቴል ተቀምጦ በሚጣላበት ቦታ ላይ አንድ አስተናጋጅ ሻይ ይዞ መጣ። የቀኝ ትከሻው ዘንበል ያለ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቀጭን ሰው። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አኖረና በሁለት ጣቱ ሁለቴ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። አንለይ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዕቃ ሲያስቀምጥ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ እንዳይወድቅ የሚያዝዘው ይመስል። ከዚያ ሰውየው ቀና አለና ማየት የሌለበትን ቦታ አየ። በቀጥታ ወደ ካሜራው። በቀጥታ ወደ ጤናዬ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የፊልሙ ድምፅ ግን እዚያ ቦታ ላይ ተቋርጧልና ምን እንዳለ አልተሰማም።

ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ገቢሳ፣ አስተናጋጁ ደግሞ እኛን ሊታዘዘን ነው ወይ አለ።

ጤናዬ ዓይኗን ከመጋረጃው አልነቀለችም። አለ። ልጄ አለ። ሻይ ይቀዳል። ከስቷል። ማነው ልብሱን የሚያጥብለት? ለምን አልደወለም? ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ ደግሞ ሌላው ነገር መጣ፤ ፍሬሕይወት። ይህችን ደቂቃ ብታይ በማግስቱ መንገድ ላይ ናት። ደግሞስ ሦስት ቀን ያስለቀሰቻት ማን ሆነና ነው?

ስትነቃ እጇ ከቆመ ቆይቷል። ሰው እንዳያውቅባት ተጣደፈች፤ ለውዙን ከማዳበሪያው እየዘገነች ወደ ሳህኑ ወረወረች፣ ወረወረች፤ መብራቱ ሲበራ ሳህኑ እስከ አፉ ሞልቷል። ሐመድ ሊያይ መጣ። ፊልሙ ሲታይ እሱ በር ላይ ስለሚቀመጥ ያየው ነገር የለም። ጎንበስ አለ፤ አንድ ፍሬ አነሣ፣ ሌላ አነሣ። ከላይ ያለው በሙሉ ከነቅርፊቱ ነበር። ፊቷን አያትና ለዐርዋ ጽፊ ሳይል ሄደ።

እስከ ወሩ ማለቂያ ዓርብ የነበሩትን ቀናት ጤናዬ እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አታውቅም። አንድ ልቧ ሐመድን ለብቻ ለምኖ ያችን ደቂቃ እንደገና ማየት ይፈልጋል፤ አንዴ ብቻ፣ ምን እንዳላት ከከንፈሩ ለማንበብ። ሌላው ልቧ ግን ፊልሙ የወሩ መጥፎ ተብሎ ተሰርዞ እንዲጠፋ ይመኛል። ስለ ልጅቷ ስትል ሁለተኛውን መረጠች። ዓርብ ዕለትም ሳትጠየቅ አፏን ከፈተች፤ የሠርጉ ፊልም ከሁሉ የከፋ ነው፣ ይጥፋ አለች።

አራቱም መራጮች እጅ አወጡ። ከሦስት ዓመት ወዲህ አራቱም የተስማሙበት ጊዜ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጤናዬ ቁልፉ እስኪጫን ጠበቀች።

ሐመድ ግን ኮምፒውተሩ ጋ አልሄደም።

"እማ ጤናዬ፣" አለ፣ "ሌላ ጊዜ ፊልም ጥሩ ሲሆን እጅህ ይቆማል። በዚህ ፊልም እጅህ አልቆመም፤ እጅህ ጠፋ። ለውዝ ከነልብሱ ሳህን ውስጥ ገባ። ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።"

"እንቅልፍ ወስዶኝ ነው" አለች ጤናዬ።

"የተኛ ሰው አያለቅስም።"

ጉንጯን ነካች። ያን ቀን ማልቀሷን እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር።

ገቢሳ ተነሥቶ ተከራከረ፤ አንድ ፊልም በአንድ ወር ምርጥም መጥፎም ሊሆን አይችልም፣ ከሆነም ከተማው ይስቅብናል አለ። ሐመድ መለሰለት፤ የአፍና የሳህን ነገር ከተጣላ እዚህ ቤት ሳህን ይበልጣል፣ ደግሞ እኛ ያላየነውን እሷ አይታ ይሆናል፣ እሑድ ሁላችን ደግመን እንየው። ጤናዬ ለመነችው። ሐመድ ትሕትና መሰለውና ሳቀ። ዐርዋ በሰሌዳው ላይ "የወሩ ምርጥ" ብላ የሠርጉን ፊልም ጻፈች፣ ፎቶ አነሣችው፣ በቴሌግራም ለከተማው ወጣት ሁሉ ላከችው። የወሩ መጥፎ የሚባል አልተሰረዘም፤ ሰው እንዳኮረፈ ተበተነ።

እሑድ ጤናዬ ከአልጋ አልወረደችም። ሌላ ብልሃት ስላልመጣላት አሞኛል አለች። ፍሬሕይወት አጥሚት አፍልታ አመጣችላት፤ ግንባሯን በመዳፏ ለካች፣ እጇን ያዘች፣ ትኩሳት የለሽም እማዬ አለቻት። አጠገቧ ተቀምጣ አጥሚቱን እስክትጨርስ ጠበቀች። ጤናዬ በማንኪያው ጫፍ ነካ እያደረገች አንድ ሰዓት ሙሉ አቆየችው። ወደ ስምንት ሰዓት ሲሆን ዐርዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ታማሚዋን ጠየቀች፣ ምሕረት ለመነችላት፣ ከዚያ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና አያትሽ እኮ ፊልሙ አስክሯቸው ለውዙን ከነቅርፊቱ ሳህን ውስጥ ሞሉት ብላ ለፍሬሕይወት አወራችላት። ከተማው በሙሉ ምን ቢያዩ ነው እያለ ነው አለች።

ፍሬሕይወት አልሳቀችም። ወደ አያቷ እጆች አየች። ብርድ ልብሱ ላይ ሆነው እንኳ ጣቶቹ አንድ የማይታይ ነገር ይፈለፍሉ ነበር።

"አባዬ ሞተ ያልሽኝ ጊዜ እጅሽ አልቆመም ነበር" አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ነገሩ አሁን ትዝ እንዳላት ሰው ነው። "ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ስትፈለፍዪ ነበር። እኔ ደግሞ ሐዘኑን እንዲህ ነው የምትችለው ብዬ ነበር።"

ጤናዬ እጆቿን ብርድ ልብሱ ሥር ከተተች።

"እና ይህ ምን ዓይነት ፊልም ቢሆን ነው፣ እማዬ?"

"የማይረባ ነው። አትሂጂ።"

"ለምን?"

"መንገዱ... ግፊያ ነው። ሰዉ ይበዛል። ሙቀቱም።"

ፍሬሕይወት ብርድ ልብሱን ከእግሯ ሥር አስተካከለችላት። በሁለት ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ፣ ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊ አለቻትና ከዐርዋ ጋር ሄደች።

ፊልም ቤቱ ከቤቷ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። ድምፅ ማጉያው ወደ ውጭ ስለዞረ ነፋሱ ሲያደላ ሁሉ ነገር ይሰማል። ጤናዬ ከአልጋዋ ወርዳ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልሂድና በመሀል ልጥራት ይሆን? መብራት እንዲጠፋ ልሳል? መብራት በሌላው ቀን ሁሉ ይጠፋል፤ ዛሬ ምን ነካው? ጫማዋን አደረገች፣ አወለቀች። ሙዚቃው ተሰማ፤ የሠርጉ ዘፈን። ሙሽራዋ ገባች ማለት ነው። ሰው ሳቀ፤ ጫማዋን አዩ። ከዚያ ረጅም ወሬ፣ ከዚያ የሙሽራውና የአማቱ ጭቅጭቅ። ጭቅጭቁ ድንገት ተቋረጠ፤ ድምፅ የሌለባት ያች ቦታ ደረሰች።

ሳቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ ድረስ፣ ከቅዳሜው በሦስት እጥፍ የበዛ፣ የመላ ከተማው ሳቅ። ጤናዬ በዚያ ሁሉ ሳቅ ውስጥ ያልሳቀችውን የአንዲት ልጅ ዝምታ ትሰማ ይመስል ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች።

ፍሬሕይወት ፊልሙ እስኪያልቅ አልቆየችም። ገብታ በሩን በቀስታ መለሰችው። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም። አያቷ ከአልጋ ወርዳ መስኮት ሥር መቀመጧን አየች፤ ስለሕመሙ አንድም ነገር አላነሣችም። ከፊት ለፊቷ መጥታ መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ሕፃን ሳለች ጫማዋን ሲያስሩላት እንደምትቀመጠው።

"ወሬውን ያመጣልሽ የሆሞሻ ነጋዴ፣" አለች፣ "ስሙ ማን ነበር?"

ጤናዬ አፏን ከፈተች። ኢልያስ የሚል ስም መጣላት፣ አይመን የሚልም መጣላት፤ በአንድ ስም የሚያልቅ ነገር ቢሆን ከሆሞሻ ስንት ስም መጥራት ትችል ነበር። የልጅቷን ዓይን ስታይ ግን ሁሉም ምላሷ ላይ ደረቀ። ባምባሲ ላይ በእርጥብ ልብስሽ ስትንቀጠቀጪ አየሁሽ ልትላት ፈለገች። ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ ነው ልትላትም ፈለገች፤ እውነቱ ይህኛው ይመስላል፣ ሌላውም እውነት ነው። ልጇ መክሳቱን ልትጠይቃት ፈለገች፤ አንቺስ ዓይንሽ ደህና ነው፣ ከንፈሩ ምን አለ?

ፍሬሕይወት ጠበቀች። መናኸሪያ ላይ የመጨረሻው ሰው ከአውቶብስ እስኪወርድ የምትጠብቀውን ያህል ጠበቀች።

ከዚያ ተነሣች። የአባቷን ፎቶ ከግድግዳው አወረደች፤ ጥቁሩን ጨርቅ በጥርሷ ክሩን በጥሳ ፈታችና አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኑ አጠገብ አኖረችው። ፎቶውን ከመታወቂያዋና ከሹራቧ ጋር ትንሿ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤ ተመልሳ የቀዘቀዘውን አጥሚት በሳህን ከደነችው።

ጤናዬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያት ነበር። ከጣቶቿ አንዱም አልተንቀሳቀሰም።

ልጅቷ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወደ መናኸሪያው ወጣች።